ብራሶውን አስቀምጡትና መጀመሪያ እዩት፦ የመርከብ ምልክት መስጫዎች በአዲስ አበባ ሳሎን

ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የቅርሳ ቅርስ መደብሮች በአንዱ፣ ከመስቀሎቹና ከብራና መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ቀይ መስታወት ያለው የመርከብ መብራት ተቀምጦ ብታገኙ አይግረማችሁ። ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ዕቃው ግን ይመጣል። ገሚሱ ዱባይ ተመላልሰው በሚነግዱ ሰዎች ሻንጣ፣ ገሚሱ በጅቡቲ በኩል ከሌላ ጭነት ጋር ተደርቦ፣ ጥቂቱ ደግሞ ምጽዋና አሰብ አገልግለው ከተመለሱ ሰዎች ቤት ይወጣል። ሳሎን ውስጥ ሲቀመጥ ያምራል፤ ይህን የሚክድ የለም። ችግሩ ሌላ ነው። ጨው፣ ዝናብና የሞተር ጭስ ችሎ ስንት ዓመት የቆየ ዕቃ፣ ዋናው ጉዳት የሚደርስበት አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ቤት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ ባለቤቱ ሎሚ፣ ጨው፣ ብራሶ የሚባለውን የብረት መወልወያና የሽቦ መፈግፈጊያ ይዞ ሲቀመጥ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ምን እንደሆነ መለየት፣ ቀጥሎ ማጠብ፣ ከዚያ መጠገን፣ በመጨረሻ ካስፈለገ ብቻ መወልወል። ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

አሮጌው፣ ያላረጀውና ለጌጥ የተሠራው

ገበያ ላይ ያለውን ሁሉ «ጥንታዊ» ብሎ መጥራት ልማድ ሆኗል። በውስጡ ግን ሦስት ዓይነት ዕቃ አለ። አንደኛው በእርግጥም መርከብ ላይ የሠራና ያረጀ ነው። ሁለተኛው መርከብ ላይ የሠራ፣ ነገር ግን ያን ያህል ያላረጀ፣ ከመርከብ ማፍረሻ የወጣ ነው። ሕንድ ጉጃራት ውስጥ ያለችው አላንግ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ቺታጎንግ፣ ፓኪስታን ውስጥ ጋዳኒ ትልልቅ መርከቦች ዳርቻ ላይ ወጥተው የሚበለቱባቸው ቦታዎች ናቸው። አላንግ አካባቢ መንገድ ዳር ከመርከብ የወጣ ወንበር፣ ሳህን፣ መብራትና የመሪ መንኮራኩር የሚሸጡ ሱቆች ተደርድረዋል። ሦስተኛው ለጌጥ ተብሎ አዲስ የተሠራ ነው። ሞራዳባድ በነሐስ ሥራ፣ ሩርኪ በመሣሪያ ቅጂ የታወቁ የሕንድ ከተሞች ናቸው፤ ባለ ሦስት እግሩ «የመርከብ ፍለጋ መብራት» በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

በእኔ ፍርድ ለአዲስ አበባ ቤት የሚያዋጣው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ጠንካራ ነው፣ እውነተኛ ነው፣ ብትነኩትም አትሳቀቁም። ሦስተኛውም ኃጢአት የለበትም፤ በቅጂ ዋጋ እስከተሸጠ ድረስ።

ለመለየት ሰው መጀመሪያ ከኪሱ የሚያወጣው ማግኔት ነው። ከያዘ፣ ከላይ ነሐስ የተቀባ ብረት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚህ ብቻ አትፍረዱ። የዕቃ መርከቦች የዘይት መብራት ብዙ ጊዜ ዚንክ ከተለበጠ ብረት ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ ማግኔት የያዘው ግራጫ መብራት ከሚያብለጨልጨው ይልቅ እውነተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ማግኔት ያልያዘውም ገና አላለፈም፤ አሉሚኒየምንም ዚንክንም ማግኔት አይዝም።

የተሻለው ፈተና ውሃና ሚዛን ነው። ለሻንጣ የሚሸጠው ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። የሚነቀል ክፍል፣ ለምሳሌ ክዳን፣ እጀታ ወይም ደወሉን ራሱን፣ በገመድ አንጠልጥላችሁ መዝኑ። ከዚያ እንደተንጠለጠለ ባልዲ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስጥማችሁ እንደገና መዝኑ፤ የባልዲውን ግድግዳም ታችም እንዳይነካ፣ ውስጡም አየር እንዳይቀር። ደወል ከሆነ አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስጥሙት። በአየር 3.40 ኪሎ፣ በውሃ 3.00 ኪሎ ቢመዝን ልዩነቱ 0.40 ነው፤ 3.40 ለ0.40 ሲካፈል 8.5 ይሰጣል። ነሐስ ከ8.4 እስከ 8.8 መካከል ይወድቃል። ወደ 6.7 ከወረደ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ 2.7 ከሆነ አሉሚኒየም። ሰሌዳ፣ መስታወት ወይም ሽቦ ያለበትን ክፍል ግን ውሃ ውስጥ አታስገቡ።

ቀጥሎ ብሎኖቹን እዩ። ባለ መስቀል ራሱ ብሎን የተስፋፋው ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ነው። «የ1890 መብራት» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉም ብሎኖቹ ባለ መስቀል ከሆኑ ወይ ተቀይረዋል፣ ወይ ዕቃው አዲስ ነው። የድሮ የእንግሊዝ ዕቃ ላይ ያለው የዊትዎርዝ ጥርስ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ነው፤ መርካቶ የምታገኙት የሜትሪክ ዳዶ ደግሞ 60። ሁለት ዙር ይገባና ይነክሳል። በጉልበት ከቀጠላችሁ የዋናውን ጥርስ ትበላላችሁ። ቶርኖ ቤት ወስዶ በናሙናው ማስቆረጥ ይሻላል።

ጽሑፉም ይናገራል። በእጅ የተቀረጸ ፊደል ጠርዙ ስለታም ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ የጥቁር ቀለም ቅሪት ይኖራል። ከአካሉ ጋር አብሮ የተቀለጠ ፊደል ጠርዙ የሟሸሸ፣ ታቹም ሻካራ ነው። «ታይታኒክ 1912» የሚል ደወል ካያችሁ የጌጥ ዕቃ መሆኑን አውቃችሁ ግዙ።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ ወሬ አለ፦ «ከባሕር ኃይላችን መርከብ የወጣ» የሚባል። የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ» ቀድሞ ኦርካ የምትባል የአሜሪካ መርከብ ነበረች፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ተላለፈችልን፣ በ1991 ወደ የመን ሄደች፣ በ1993 ለብረትነት ተሸጠች። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ዕቃ ላይ የሚጠበቀው የአሜሪካ ሠሪ ሰሌዳ ነው። የሊቨርፑል ሰሌዳ ለጥፎ «ከኢትዮጵያ መርከብ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወረቀት ጠይቁት። አዲስ አበባ ውስጥ የቀድሞ ባሕር ኃይል አባላት አሉ፤ ምልክት ክፍል የሠራ ሰው ዕቃውን አንድ ጊዜ አገላብጦ የሚነግራችሁ ከማንኛውም ፎቶ ይበልጣል።

ቴሌግራፉ

ከሁሉ የሚፈለገው ቴሌግራፍ የሚባለው የሞተር ትእዛዝ ማስተላለፊያ ነው። ካፒቴኑ ያለበት ድልድይ ላይ እጀታው ሲዞር፣ በሰንሰለትና በሽቦ ተያይዞ ታች ሞተር ክፍል ያለው ቀስት ይዞራል፣ ደወልም ይደወላል። ታች ያለው መሐንዲስ የራሱን እጀታ ወደዚያው ትእዛዝ ሲያመጣ የላይኛው መልስ ቀስት ይከተላል፤ ሁለቱ ቀስቶች ከተገጣጠሙ ትእዛዙ ተሰምቷል ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ በአንድ ወገን ወደፊት፣ በሌላው ወደኋላ፦ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ቀስ፣ በጣም ቀስ፤ መሃል ላይ አቁም። «ስታንድ ባይ» ተዘጋጅ፣ «ፊኒሽድ ዊዝ ኢንጅን» ደግሞ የሞተሩ ሥራ አብቅቷል ማለት ነው። የሊቨርፑሉ ቻድበርን በዚህ ሥራ ስሙ የገነነ ስለሆነ ቅጂዎቹም በብዛት የሚለጥፉት የእሱን ስም ነው።

ሰሌዳውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጥሩው እንደ ወተት የነጣ መስታወት ነው፤ ከጀርባው ትንሽ አምፖል ስላለ ሌሊት ፊደሎቹ ይበራሉ። ጉንጫችሁን ብታስጠጉ ይቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ ከሆነ አይቀዘቅዝም። እጀታው በየትእዛዙ ላይ «ቀጭ» ብሎ መያዝ አለበት። ከእንጨት የተሠራው የእጀታ ጫፍ መዳፍ በሚያርፍበት በኩል ብቻ ያለሰለሰ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ዙሪያውን እኩል የተበላ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት የተሠራ እርጅና ነው።

ባለ ምሰሶው ቴሌግራፍ ቁመቱ አንድ ሜትር ከምናምን፣ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ኪሎ በላይ ነው። ለኮንዶሚኒየም የሚመቸው ሞተር ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ነው፤ ያው ሥራ፣ ያው ሰሌዳ፣ ያለ ምሰሶ። በዋጋም ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ሁሉም የድልድዩን ስለሚሻማ።

ሲከፈት የፊቱ ቀለበት በብሎኖች የተያዘ ነው። ካርቶን ላይ ክቡን ሣሉና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ሰኩት፤ ሁሉም አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ካቻቢቴው የብሎኑን ቦይ ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ መሆን አለበት፤ ጠባቡ ራሱን ይልጠዋል። እምቢ ካለ ዘልቆ ገብ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ እስከ ነገ ተዉት፤ ከዚያም እምቢ ካለ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት። የእሳት ነበልባል መስታወት አጠገብ አይቅረብ።

ደወሉ የማይደወለው ብዙውን ጊዜ ተሰብሮ አይደለም፤ የድሮው ግራሶ እንደ ሙጫ ደርቆ መዶሻውን ስለያዘው ነው። በላምባና በለስላሳ ብሩሽ ፈትታችሁ አጽዱት፣ አድርቁት፣ መዞሪያዎቹ ላይ የስፌት መኪና ዘይት አንድ አንድ ጠብታ ይበቃል። አዲስ ግራሶ ከሞላችሁበት ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ሙጫ ይመለሳል። ከመስታወቱ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ካለቀ 2 ሚሊ ሜትር ቡሽ ቆርጣችሁ ተኩ። ጥቁር ጎማ ውስጡ ድኝ ስላለ ነሐሱን ያጠቁራል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮንም አሲዱ ነሐስ ይበላል። ቀለበቱን ስትመልሱ እንደ መኪና ጎማ በመስቀል፣ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ፤ አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ያንን የወተት መስታወት በአንድ «ጠቅ» ያሳጣችኋል። ምትኩ አይገኝም።

መብራቶቹ፦ ማን በቀኝ፣ ማን በግራ

የጎን መብራት ጥንድ ነው። ቀዩ የመርከቡ ግራ፣ አረንጓዴው ቀኝ። እያንዳንዱ 112.5 ዲግሪ ያበራል፣ የኋላው ነጭ 135፤ የሦስቱ ድምር 360፣ ሙሉ ክብ። የምሰሶው ነጭ ደግሞ ለብቻው 225 ይሸፍናል። ይህን ካወቃችሁ የመስታወቱን ስፋት አይታችሁ መብራቱ የት እንደነበረ ትለያላችሁ፤ ዙሪያውን ሙሉ መስታወት የሆነው መልሕቅ ሲጣል የሚሰቀለው ነው።

ብዙ ቤት ጥንዱ ተገላቢጦሽ ተሰቅሏል። መብራቶቹ ወደ ሶፋው ከዞሩ፣ ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ወደ እሱ የሚመጣ መርከብ ነው፤ ስለዚህ ቀዩ በተመልካቹ ቀኝ መዋል አለበት። «ቀይ ግራ ነው» ብሎ ከሶፋው አንጻር መስቀል ነው ስሕተቱ።

ከዘይት መብራት ላይ የወጣው አረንጓዴ መስታወት ቀን ላይ ወደ ሰማያዊ ካደላ አትደንግጡ። የላምባ ነበልባል ቢጫ ስለሆነ፣ ቢጫው በሰማያዊ አረንጓዴው ሲያልፍ ትክክለኛ አረንጓዴ እንዲወጣ ታስቦ ነው። ነጭ ኤልኢዲ ካስገባችሁበት የመድኃኒት ቤት ምልክት ይመስላል። 2700 ኬልቪን የሚል ሞቃት አምፖል ፈልጉ፤ ቀለሙ ይመለሳል።

አሁን ወደ ሽቦው። የላምባውን ጋን አውጡና በክብር አስቀምጡት፤ አትብሱት። በልኩ ላሜራ አስቆርጡና አምፖል ማቀፊያውን በላዩ ተክላችሁ በጋኑ ቦታ ግፉት። ሽቦው በጋኑ በር ወይም በአየር መውጫው ይውጣ፤ የመብራቱ አካል ላይ አዲስ ቀዳዳ የሚባል ነገር አይኖርም። ባለ ሦስት ገመድ 0.75 ሽቦ ተጠቀሙ፤ ሦስተኛው፣ የመሬቱ፣ በሮንዴላ ከብረቱ አካል ጋር ይታሰር። ከሥሩ ያለው ቫርኒሽ በሳንቲም ታህል ስፋት መፋቅ አለበት፤ ቫርኒሽ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ያልተፋቀ ከሆነ የታሰረ ይመስላል እንጂ አልታሰረም። በመልቲሜትር ከፕለጉ የመሬት ጫፍ እስከ መብራቱ ጣሪያ ለኩ፤ ከ1 ኦም በታች መምጣት አለበት። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ባሉ አሮጌ ቤቶች ሶኬቱ ራሱ መሬት የሌለው መሆኑ የተለመደ ነው። እንደዚያ ከሆነ 220ውን ተዉትና በ12 ቮልት አስማሚ አብሩት፤ ሰውነቱ ብረት የሆነ መብራት ያለ መሬት ገመድ በ220 ማብራት ቀልድ አይደለም።

ከ4 እስከ 6 ዋት ያለው ጥርት ያለ ባለ ክር ኤልኢዲ ይበቃል። ወፍራሙና ነጩ አምፖል የመስታወቱን ጥበብ ይደብቃል። መስታወቱ በደረጃ በደረጃ የተሰነጠቀ የሚመስለው የፍሬኔል ሌንስ ነው፤ ፈረንሳዊው ኦገስቲን ፍሬኔል በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ለባሕር ዳርቻ የመብራት ማማዎች ያበጀው አሠራር። ሌንሱ የሚሠራው ብርሃኑ ልክ መሃሉ ላይ ሲሆን ነው። የመሃለኛውን ሰፊ ቀለበት ከፍታ ለኩና የአምፖሉ ክር እዚያው ላይ እንዲውል አድርጉ። ክፍሉን አጨልማችሁ ሁለት ሜትር ርቆ ያለውን ግድግዳ እዩ፦ ልክ ከሆነ ቀጭን፣ ደማቅ፣ አግዳሚ መስመር ይወጣል። አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ መስመሩ ወደ ኮርኒስ ይሸሻል፣ ከፍ ካለ ወደ ወለል። ይህን የሚያስተካክል ሰው ጥቂት ነው፤ ያስተካከለው ግን ሌላ መብራት አይፈልግም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ከሁሉም በላይ የምናጠብቀው። ሌንሱ ብርሃን ከውስጥ ወደ ውጭ እንደሚሰበስብ ሁሉ ፀሐይንም ከውጭ ወደ ውስጥ ይሰበስባል። በበጋ ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ በምትገባበት መስኮት ላይ ከተቀመጠ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ይቀልጣል፤ መጋረጃ ቢጠጋ ሊያቀጣጥል ይችላል። ቤት ሰው በሌለበት ቀን ስለሚሆን ደግሞ የባሰ ነው። መስኮት ላይ አታስቀምጡ፣ ወይም ቀን ቀን ጨርቅ ጣሉበት።

በእጅ ተይዞ በሞርስ፣ ማለትም ፊደልን በአጭርና በረጅም ብልጭታ በሚያስተላልፈው ኮድ፣ የሚጠቅሰው አልዲስ መብራት ሌላ ውበት አለው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በብርሃን ብልጭታ መነጋገርን ከ1867 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዞታል፤ የባሕር ኃይሉ መኮንን የፊሊፕ ኮሎምብ ሥራ ነው። አልዲሱ እንደ ሽጉጥ እጀታና ማነጣጠሪያ አለው፤ አብዛኛው በ12 ወይም በ24 ቮልት ይሠራል። በቀጥታ ሶኬት ላይ የሰካ ሰው አምፖሉን ብቻ አያቃጥልም። ሳጥኑ አብሮ ካለ ዋጋው ሌላ ነው፤ ሳጥኑን ለብቻው «ለጌጣጌጥ ማስቀመጫ» ብለው የሚሸጡ ስላሉ ጠይቁ።

ማጠብ

ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ይኸው ነው። ማዕዘን ውስጥ የተከማቸ የቀለም ንብርብር ካገኛችሁ አትፋቁት፤ የመርከብ ቀለም እርሳስ ያለበት ሊሆን ስለሚችል በደረቁ መፈግፈግ አቧራውን ለቤተሰብ ማጠጣት ነው። የግድ መነሣት ካለበት በቀለም ማስለቀቂያ፣ እርጥብ እንዳለ፣ በረንዳ ላይ፣ በጓንት።

ሎሚና ጨው ነሐሱን በአንድ ደቂቃ ያበራዋል። የሚያበራው ዚንኩን ከላይ ነቅሎ ነው፤ የሚቀረው መዳቡ ስለሆነ ዕቃው ወደ ሮዝ ይለወጣል። ያንን ሮዝ ለማጥፋት ደግሞ እንደገና መፈግፈግ፣ ከዚያም ፊደሉ መሳሳት ይመጣል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ተቀጥቅጦ በተሠራ ነሐስ ላይ ስንጥቅ ያመጣል። ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች የጎደለ ማንጠልጠያ ወይም ቀለበት አስመስሎ በመሥራት የሚደነቁ ናቸው፤ ነገር ግን «አብሮ ይወልወል» ሲሉ እምቢ በሉ። በማሽን የተወለወለ ሰሌዳ ጽሑፉ በአንድ ጊዜ የሃያ ዓመት ያረጃል።

አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። ጠንካራና ለስላሳ አረንጓዴ ሽፋን ምንም አያደርግም፤ ተዉት። ፈዛዛ፣ ዱቄት የሚመስል፣ ጠርጋችሁት ከሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ የሚመለሰው ግን የባሕር ጨው ሥራ ነው፤ ከውስጥ እየበላ ነው። ክፍሉ የሚፈታ ከሆነና ብረት ያልተያያዘበት ከሆነ፣ ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ (አሲዱን አላልኩም!) ዘፍዝፉት፤ መጀመሪያ በየቀኑ፣ ከሳምንት በኋላ በየሳምንቱ ውሃውን ለውጡ። አድርቁ፣ ጠብቁ። አዲስ አበባ በበጋ ደረቅ ስለሆነች ለዚህ በሽታ ጥሩ ከተማ ናት፤ የሚፈተነው ክረምት ላይ ነው፣ በተለይ ምድር ቤት ውስጥ።

ለመከላከያ፣ ማለስለሻ አሸዋ የሌለበት የመኪና ሰም ስስ አድርጋችሁ ቀቡና በጥጥ ጨርቅ አንሡ። የንብ ሰም በየሱቁ ቢኖርም አሲዱ ከመዳብ ጋር አረንጓዴ ያወጣል፤ ጧፍ የፈሰሰበት የነሐስ መቅረዝ ሥሩ አረንጓዴ የሚሆነው በዚህ ነው።

ክሬም ወይም ቡናማ ቀለም የተቀባ፣ ድሮ በጨለማ ይበራ የነበረ ቁጥር ያለው ሰሌዳ ካጋጠማችሁ አትክፈቱት፣ አትፋቁት። ጎጂ ጨረር የሚያወጣው ራዲየም ሊሆን ይችላል። ማብራቱን ያቆመው አብሪው ቅመም ስላለቀ ነው፤ ራዲየሙ ግን 1600 ዓመት ገደማ ቆይቶ እንኳ ግማሹ ብቻ ነው የሚያልቀው።

ባንዲራ፣ ደወል፣ ጥሩምባ

ሙሉው የምልክት ስብስብ 40 ነው፦ 26 ፊደል፣ 10 ቁጥር፣ 3 ተተኪና አንድ የመልስ ባንዲራ። የአሮጌው ጨርቅ ሱፍ ነው። ከጠርዙ አንድ ክር ነቅላችሁ አቃጥሉ፤ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጠር ይሆናል። ሱፍ ከሆነ ጠላቱ ብል ነው። በላስቲክ አሽጋችሁ ማቀዝቀዣው ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አስቀምጡ፤ መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ፍሬም ስታደርጉ ሙጫ የለም፤ በታጠበ አቡጀዲ በተሸፈነ ሰሌዳ ላይ በጥጥ ክር ሰፍታችሁ፣ መስታወቱ እንዳይነካው ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር አርቁ።

የቀለማቸው ውበት ብቻ አይታይ፤ ይናገራሉ። ሰማያዊና ነጭ ዳማው ከላይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ አግዳሚው ከታች ሆነው ሲሰቀሉ «አደጋ ላይ ነኝ፣ ድረሱልኝ» ነው። ይህን ጥንድ የምግብ ጠረጴዛ አናት ላይ አንጠልጥሎ እንግዳ መጥራት ያስቃል። ለበር የሚሆነው ሌላ ነው፦ በአራት የተከፈለው ቀይና ነጭ ከላይ፣ ሰማያዊ ጠርዝ፣ ነጭ፣ መሃሉ ቀይ የሆነው ከታች። «መልካም ጉዞ እመኝላችኋለሁ» ይላል። ብቸኛው ቢጫ «መርከቤ ጤነኛ ናት፣ የመግቢያ ፈቃድ ስጡኝ» ነው፤ በሽታ አለ ማለት የነበረው በድሮው ልማድ ነው።

ደወል ላይ ብዙ የሚባል የለም፤ የፈረቃው ነገር ብቻ። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ምት እየተጨመረ ስምንት ሲሞላ ፈረቃ ይለወጣል፤ በእኛ አቆጣጠር ስምንቱ የሚመታው 2፣ 6 እና 10 ሰዓት ላይ ነው። የጉም ጥሩምባን ኮንዶሚኒየም ውስጥ አትንፉ። ጎረቤት አለ።

ከነዚህ ጋር በጥቅል የሚሸጥላችሁን የመርከብ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ግን ለሥራ ብላችሁ አትግዙ። ለባሕር ወለል የተሠራ ነው፤ ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ ከ950 ሄክቶፓስካል ብዙም አይወርድም፣ የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ደግሞ 770 አካባቢ ነው። ቀስቱ ታች ወርዶ ይጣበቅና ዓመቱን ሙሉ «ማዕበል» ሲል ይኖራል። ፈሳሽ ያለበት ኮምፓስም እዚህ ከፍታ ላይ የአየር አረፋው ይሰፋል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትፍቱት።

ግድግዳ ላይ መስቀልና ወረቀት

ብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ባዶ ነው። ተራ ፊሸር ይገባል፣ ይዞራል፣ ከሦስት ወር በኋላ ከነመብራቱ ይወጣል። ከ10 ኪሎ በላይ ለሆነ ዕቃ ወይ የኮንክሪት ምሰሶውን ፈልጉ፣ ወይ ግድግዳውን አልፎ በሌላው ወገን በላሜራና በዳዶ የሚታሰር ረጅም ብሎን ተጠቀሙ። ያረጀ የጭቃ ግድግዳ ላይ ማገሩን እንጂ ጭቃውን አትመኑ። ባለ ምሰሶውን ቴሌግራፍ ደግሞ ሴራሚክ ወለል ላይ አትብሱለት፤ 60 በ60 የሆነ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የዋንዛ ጣውላ ላይ በራሱ የእግር ቀዳዳዎች እሰሩት። ቺፑድ ብሎኑን አይዝም። ልጆች ካሉ እጀታው ላይ መንጠልጠላቸው አይቀርም፤ ጣውላው ሰፊ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ፣ በቀረጥ መደብ 97.06 ሥር «ጥንታዊ» የሚባለው ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ዕቃ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለው መብራት እንደ መብራት፣ ደወል እንደ ደወል ይመደባል፤ ስለዚህ ደረሰኙ ላይ የተሠራበት ዘመን መጻፉ ይጠቅማል፤ «አንቲክ» ብቻ የሚል ደረሰኝ ክርክር ይጋብዛል። የድሮ የሮኬት ምልክት ሽጉጥ በጥቅሉ ውስጥ ካለ ነጥላችሁ ተዉት፤ ጌጥ ነው ብሎ ፍተሻ ላይ ማስረዳት አያዋጣም። ወደ ውጭ ለዘመድ ልትልኩ ወይም ይዛችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁም፣ በተለይ የአማርኛ ጽሑፍ ወይም የቀድሞው ባሕር ኃይል ምልክት ካለበት፣ ዕቃውን ከነፎቶውና ከነደረሰኙ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳይታችሁ ማረጋገጫ ያዙ፤ ይህ የሚደረገው ከበረራው ቀናት ቀደም ብሎ ነው፣ ቦሌ ፍተሻው ላይ አይደለም።